«አንቺን አይደለም»

ማርች 2022 ነበር፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በምሥራቅ በርሊን በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የጠዋት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ስልሳ ዓመት የሚሆነው የአንዲት ነዋሪ ልጅ መተላለፊያው ላይ አስቆመኝና ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ፣ «ያቺ ሩሲያዊት ከዛሬ ጀምሮ እናቴን እንድትነካብኝ አልፈልግም። አንቺ አለሽልን አይደል?» ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ባልደረባዬ ከኋላው ቆማ ነበር። የሞቀ ውኃ የያዘ ሳፋ በእጇ፣ ሁለት ፎጣ በክንዷ ላይ፣ አንዱ ለፊት አንዱ ለገላ። የተባለውን ሰምታዋለች። ውኃው እንዳይፈስ ሳፋውን አስተካክላ ያዘች እንጂ ምንም አልመለሰችለትም።

እኔ መለስኩለት። «እናትዎን ከሁላችን ይልቅ የምታውቃቸው እሷ ናት። የትኛው ጉልበታቸው እንደሚያማቸው፣ ቡናቸውን ስንት ስኳር አድርገው እንደሚጠጡ እሷን ይጠይቋት» አልኩት። ሰውየው ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደ፤ ኃላፊዋም ጥያቄውን አልተቀበለችውም። ባልደረባዬ ሳፋዋን ይዛ ገባች፣ አሮጊቷን አጠበች፣ ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ።

እኔ ውስጥ ግን አላለፈም። ይኸው ሰው፣ እኔ እዚያ ቤት ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለእናቱ «ጀርመናዊት» ሠራተኛ እንድትመደብለት የጠየቀ ሰው ነው። ያኔም ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ እሱም ውሎ አድሮ ለመደኝ፤ በገና ሰሞን ቸኮላት ያመጣልኝ ጀመር። ያን ቀን ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጅ የወዳጅ እጅ ነበር፤ የከበደኝም እሱ ነው። ሰውየው እኔን ከሰልፉ ፊት አንስቶ ወደ ኋላ አዛወረኝ እንጂ ከሰልፉ አላወጣኝም። ከፊት የምትቆም ሌላ ሰው አገኘ፣ በቃ።

ከሁለቱም ወገን

«ሩሲያዊት» የተባለችው ባልደረባዬ የተወለደችው ካዛክስታን ውስጥ፣ ካራጋንዳ አጠገብ ነው። ቅድመ አያቶቿ ጀርመኖች ናቸው። ዳግማዊት ካትሪን በ1763 ባወጣችው አዋጅ መሬትና የሃይማኖት ነጻነት ቃል ተገብቶላቸው ቮልጋ ወንዝ ዳር ከሰፈሩት ወገን ናቸው። ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን በወረረበት ዓመት፣ ኦገስት 28 ቀን 1941፣ የስታሊን መንግሥት እነዚህን ሰዎች ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በጅምላ በጠላት ሰላይነት ጠርጥሮ፣ በባቡር እየጫነ ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካዛክስታን አጋዛቸው። አያቷ ያኔ ልጅ ነበሩ። ጀርመንኛ በመናገራቸው ብቻ «ፋሺስት» እየተባሉ አደጉ። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ እንደ እነሱ ያሉ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ ጀርመን ገቡ። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ሩሲያኛ በመናገራቸው «ሩሲያውያን» ተባሉ።

ይህን ታሪክ የነገረችኝ በአንድ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ እያለቀሰች አልነበረም፤ የመድኃኒት ሣጥኖች እየደረደረች ነበር። እኔ አባትና እናቴ አማራና ኦሮሞ ስለሆኑ በአገሬ ከሁለቱም ወገን «የዚያኛው ነሽ» መባልን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

አንድ ነገር አስቀድሜ በግልጽ ልበል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬንን ወረረ። ወራሪው ሩሲያ ነው፣ የተወረረው ዩክሬን ነው። በእነዚያ ሳምንታት የበርሊን ዋና ባቡር ጣቢያ ሕፃን በታቀፉና ድመት በቅርጫት በያዙ ሴቶች ተጨናንቆ ነበር። በድንበር ላይ ጥቁር ተማሪዎች ከባቡርና ከአውቶቡስ እየወረዱ «መጀመሪያ ዩክሬናውያን» ሲባሉም አይተናል፤ የአፍሪካ ኅብረትም በፌብሩዋሪ መጨረሻ ድርጊቱ ዘረኛ ነው ሲል አውግዟል። ይህ ሲያስቆጣኝ ኖሯል፤ ወረራውን ግን ትክክል አያደርገውም።

ቁጣው ተገቢ ነበር። ያሳሰበኝ ያረፈበት ቦታ ነው። በዚያው ማርች፣ ብዙ ሩሲያኛ ተናጋሪ በሚኖርበት በማርዛን ሰፈር በሚገኝ የጀርመንና የሩሲያ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ላይ እሳት ተለኮሰ፤ ፖሊስ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ጠረጠረ። በደቡብ ጀርመን አንድ ምግብ ቤት የሩሲያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንዳይገባ ብሎ አስታወቀ፤ ተቃውሞ ሲበዛበት አነሳው። ፑቲን ክሬምሊን ውስጥ ነው፤ እጅ አይደርስበትም። የሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አዳራሽ ግን ቅርብ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ልዩነት አለ፤ ልዩነቱን ሆን ብለው የሚያደበዝዙ ሰዎችም አሉ። የሙኒክ ከተማ በማርች 1 የፊልሃርሞኒ ኦርኬስትራውን ዋና መሪ፣ ሩሲያዊውን ቫለሪ ጌርጊየቭን ከሥራ ሲያሰናብት ምክንያቱ የሰውየው ዜግነት አልነበረም። ከፑቲን ጋር ለረጅም ዓመታት በይፋ የቆመ ሰው ነው፤ ከወረራው ራሱን እንዲለይ ሲጠየቅ ዝም አለ። አንድ የአደባባይ ሰው ስለ አቋሙ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይገባልም። የስኳር በሽተኛ አሮጊት መርፌ የምትወጋ ሴት ግን ካራጋንዳ አጠገብ በመወለዷ ምን ልትጠየቅ ነው?

በዚያው ጸደይ ወደ መንከባከቢያ ቤታችን አንዲት ከዩክሬኗ ሃርኪቭ ከተማ የመጡ እናት ገቡ። እንደ ብዙዎቹ የሃርኪቭ ሰዎች የአፍ መፍቻቸው ሩሲያኛ ነው። የአምቡላንስ ሳይረን ሲሰሙ አልጋቸው ሥር ለመግባት ይሞክሩ ነበር። እኛ በምልክትና በስልክ ማስተርጎሚያ ስንንተፋተፍ የምታረጋጋቸው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ወለሉ ላይ አብራቸው ቁጭ ትልና፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ የተሰቀለውን ካባቸውን አንድ በአንድ እያመለከተች በሩሲያኛ ስማቸውን ትጠራለች። እሳቸው እየደገሙ እየጠሩ ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ይመለሳል።

ከኪሷ የወጣው ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከመተላለፊያው ክስተት ጥቂት ቀናት በኋላ ሻይ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ነበር። ባልደረባዬ ከዩኒፎርሟ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በሩሲያኛ የተጻፈ ነው፤ ዓርማውን ግን ወዲያው አወቅሁት። «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ ነው። «ስለ እኛ የሚናገሩት እነዚህ ብቻ ናቸው» አለችኝ። ማዕቀቡ ይነሳ የሚሉ፣ ሩሲያውያን ይከበሩ የሚሉ እነሱ ብቻ መሆናቸውን ነገረችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ፈጠን ብላ እጄን ያዘችና፣ «አንቺን አይደለም እኮ። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ቋንቋውን ታውቂያለሽ። እነሱ የሚሉት ስለ ሌሎቹ ነው» አለች።

በፍቅር ነበር የተናገረችው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ለዚህ ነው። በዚያ ሳምንት ይህን ምሕረት የሰጠችኝ ሁለተኛዋ ሰው መሆኗን አላስተዋለችም። እሷን ያዋረዳት ሰው ለእኔ «አንቺ አለሽልን» ሲለኝ፣ እሷ ደግሞ እኔን ሊያባርር የሚፈልግ ፓርቲ ወረቀት ይዛ «አንቺን አይደለም» አለችኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ሁለቱም ማን እንደሚቀርና ማን እንደማይቀር የሚወስነው ሌላ ሰው መሆኑን ተቀብለውታል፤ እኔ የተፈቀደልኝ መሆኔ ብቻ ነው የሚያስደስታቸው። የተፈቀደ ነገር ደግሞ ይከለከላል። ነግ በእኔ የሚለው ቃል ለሰው ከማዘን ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ራስን ከማወቅም ነው።

ስለዚያ ፓርቲ ረጅም ነገር መጻፍ አያስፈልግም፤ ጀርመን ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። በ2013 ተመሠረተ፤ በ2017 ፓርላማ ገባ፤ የምርጫ ፕሮግራሙን በሩሲያኛ አስተርጉሞ ማርዛንን ወደመሳሰሉ ሰፈሮች የወረደውም በዚያ ዘመን ነው። መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎለት ነበር። በጃንዋሪ 2016 ከማርዛን አንዲት የ13 ዓመት ሩሲያኛ ተናጋሪ ልጅ ጠፍታ አደረች፤ ስደተኞች ጠልፈው ደፈሯት የሚል ወሬ ተነሳ። የሩሲያ መንግሥት ቴሌቪዥን አራገበው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላቭሮቭ የጀርመን ባለሥልጣናት ነገሩን ሸፍነዋል እስከ ማለት ደረሱ። ልጅቷ በዚያ ሌሊት የምታውቀው ሰው ቤት ማደሯን፣ ጠለፋም አለመኖሩን ዐቃቤ ሕግ ቢያረጋግጥም፣ በየከተማው ሰልፍ ተወጣ፤ ከመራሔ መንግሥቷ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሳይቀር። በእነዚያ ቀናት የማርዛን ትራም ላይ ስሳፈር ሹራቤን አገጬ ድረስ እየሳብኩ ከሾፌሩ አጠገብ እቆም ነበር።

ባልደረባዬ ያኔ ሰልፍ አልወጣችም፤ ጠይቄአታለሁ። ከሩሲያ ጀርመኖች መካከል ያን ፓርቲ በምንም ዋጋ የማይመርጡ ብዙ ናቸው፤ ዩክሬናውያንን በቤታቸው ያሳደሩም ብዙ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ያን ሰውዬ መሆን ነው። ግን ተገፍቶ የቆሰለ ሰው ቁስሉን የሚያሽለት ሲያገኝ የሚያሸውን እጅ አይመረምርም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው በስግብግብ ብቻ አይደርስም፤ በተራበም ይደርሳል። እሷ የራባት አክብሮት ነው።

ገደሉ ግን አለ። ጁላይ 1 ቀን 2009 ድሬስደን ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ በችሎት ፊት፣ ማርዋ ኤል ሸርቢኒ የተባለች ግብፃዊት ፋርማሲስት በጩቤ ተወግታ ተገደለች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሕፃን ልጇ እያየ ነው የሞተችው። ገዳዩ መጫወቻ ሜዳ ላይ ሂጃብ በመልበሷ «አሸባሪ» ብሎ ስለሰደባት የከሰሰችው ሰው ነው። ባሏ ሊያድናት ሲሮጥ እሱም ተወጋ፤ ለእርዳታ የደረሰው ፖሊስ ደግሞ አጥቂው እሱ መስሎት ባልየውን ተኩሶ መታው። ገዳዩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሩሲያ የመጣ፣ እንደ ባልደረባዬ የጀርመን ዘር ያለው ሰው ነበር። ይህን ለባልደረባዬ ስነግራት ሰምታው አታውቅም ነበር። እኔም በእሷ ሕዝብ ላይ ልጭነው አይደለም የነገርኳት። የተገፋ ሰው ልጅ መሆን ማንንም ከገፊነት እንደማያድን አብረን እንድናየው ነው።

የራሳችንንም ሰው አልተውም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ «እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ እነሱ የሚጠሉት ሌሎቹን ነው» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ገጥመውኛል። በኖቬምበር 1990፣ ከበርሊን ብዙም በማትርቀው በኤበርስቫልደ፣ አማዴዉ አንቶንዮ የተባለ አንጎላዊ ወጣት በቀኝ አክራሪ ወጣቶች ተደብድቦ ከቀናት በኋላ ሞተ። ከመደብደባቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ይሂድ አይሂድ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

ሞስኮን የሚወዱት

ከዚያ ሻይ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ያሳሰበኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ የአውሮፓ ቀኝ አክራሪዎች «ፀረ ሩሲያ ጥላቻ ይቁም» ሲሉ፣ የሚከላከሉት ማንን ነው?

በ2014 ብሔራዊ ግንባር የተባለው የፈረንሳይ ቀኝ አክራሪ ፓርቲ ከአንድ የሩሲያ ባንክ ከ9 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ብድር ወሰደ። በማርች 2015 ቅዱስ ፒተርስበርግ ላይ ለአውሮፓ አክራሪ ፓርቲዎች ጉባኤ ተዘጋጀ፤ ከጀርመን ኤንፔዴ፣ ከግሪክ ወርቃማ ንጋት ከተባሉት ፓርቲዎች ሰዎች ተገኙ። ፋሺዝምን አሸነፍኩ ብሎ በየዓመቱ ሜይ 9 ሰልፍ የሚወጣ አገር፣ ሌኒንግራድ ተብላ 900 ቀን ገደማ በናዚ ጦር ተከባ በረሃብ ባለቀች ከተማ ውስጥ የእነዚያን መንፈስ ወራሾች አስተናገደ። በዚያችው ከተማ ኤፕሪል 2006 ሳምባ ላምፕሳር የተባለ ሴኔጋላዊ ተማሪ በጥይት ተገድሏል። ገዳዮቹ ጥለውት የሄዱት ጠመንጃ ላይ ስዋስቲካ ተቀርጾ ነበር።

ይህን ክፋት ከማንም በፊት የታገሉት ሩሲያውያን ናቸው። ጠበቃው ስታኒስላቭ ማርኬሎቭና ወጣቷ ጋዜጠኛ አናስታሲያ ባቡሮቫ ጃንዋሪ 19 ቀን 2009 በሞስኮ መሐል በጠራራ ፀሐይ ተገደሉ። ገዳዮቻቸው የሩሲያ ናዚዎች ናቸው፤ በ2011 ተፈርዶባቸዋል። ሩሲያዊነትን የሚያከብር ሰው እነዚህን ሁለቱን ስም መጥራት አለበት። በባልደረባዬ ወረቀት ላይ ግን አልነበሩም። ወረቀቱ የሚወድደው ሞስኮ የተቀመጠውን መንግሥት እንጂ ሩሲያዊውን ሰው አይደለም፤ ከዚያ መንግሥት ሸሽቶ የመጣ ሩሲያዊ ወጣት የጥገኝነት ማመልከቻ ይዞ ቢመጣ ከሶርያዊው ጋር እኩል ነው የሚገፋው።

በጃንዋሪ 2025 «አማራጭ ለጀርመን» ሪዛ በተባለች የጀርመን ከተማ ባደረገው ጉባኤ ስደተኞችን በብዛት የመመለስ ሐሳቡን በይፋ ይዞ ወጣ። በፌብሩዋሪው የፓርላማ ምርጫ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ፤ በማርዛን ሄለርስዶርፍ የምርጫ ክልል የቀጥታ ወንበሩን ወሰደ። ለማን እንደመረጥኩ ለባልደረባዬ ነግሬአታለሁ። እሷ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም። ፈረቃችን ግን አንድ ላይ እንዲሆን ሁለታችንም ኃላፊዋን እንለምናለን።

ጋሼና እኔ

አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ በሰማንያዎቹ ሌኒንግራድ ምሕንድስና የተማሩ ናቸው። የመጀመሪያው ክረምት በገባ ጊዜ የተማሪ ቤቱ ጠባቂ አሮጊት የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት አልብሰዋቸዋል፤ ያን ካፖርት እኔም ልጅ ሆኜ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቼዋለሁ። ለሩሲያ ያላቸው ፍቅር ከዚያ ካፖርት ይጀምራል። ከዓድዋ በኋላ ቁስለኞቻችንን ሊያክሙ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችም አሉበት፤ ባልቻ ሆስፒታልም አለበት። ይህን ፍቅር አልነቅፍም። በኤፕሪል 2022 አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ለመዝመት የተሰለፉትን ወጣቶች ሳይ ግን ልቤ ደማ፤ ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም ብሎ እስኪያስታውቅ ድረስ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

ጋሼ በስልክ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነው። «ልጄ፣ ሩሲያ የምትወጋው ናዚዎችን ነው።» እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። አዞቭ የተባለው ጦር በ2014 ሲመሠረት መሥራቾቹ ቀኝ አክራሪዎች ነበሩ፤ እውነት ነው፣ አልደብቅም። ነገር ግን በ2019 የዩክሬን አክራሪዎች ተባብረው ባቀረቡት ዝርዝር ያገኙት ድምፅ 2.15 በመቶ ነው፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ 73 በመቶ በሆነ ድምፅ የመረጠው ፕሬዚዳንት አይሁዳዊ ነው። «ጋሼ፣ ጀርመን ውስጥ ያሉት ከዚያ አሥር እጥፍ ናቸው፤ በርሊንንም ይውረሯታ?» አልኳቸው አንድ ቀን። ተቆጡ፤ ስልኩን ግን አልዘጉም።

ስለ ሳምባ ላምፕሳር የነገርኳቸው ባለፈው ክረምት ነው። እሳቸው በኖሩባት ከተማ፣ እንደ እሳቸው አፍሪካዊ ተማሪ። «እኔ የማውቃቸው ሰዎች እንዲህ አልነበሩም» አሉ።

«አልነበሩም ጋሼ። ካፖርት የሰጡዎት እናት አልገደሉትም። አብራኝ የምትሠራውንም ልጅ፣ የሩሲያ ጦር ሰላማዊ ሰዎችን ስለገደለባት ስለ ዩክሬኗ ቡቻ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ የምለው ይኸንኑ ነው።»

«እሺ፣ እና ኔቶስ?» አሉኝ ወዲያው፤ ኔቶን አንስተን አንድ ሰዓት ተከራከርን። ሶርያን፣ ሊቢያን፣ ኢራቅን አነሱ፤ በብዙው ተስማማሁላቸው። የዩክሬኗ ማሪዩፖል ላይ ስንደርስ ካርዴ አለቀ። በእሑዱ ከዚያው እንድንቀጥል ተስማምተናል፤ እሳቸው ከቴሌቪዥን የሰሙትን ትተው የሚያውቁትን ሰው ብቻ እንዲጠቅሱ፣ እኔም እንደዚያው እንዳደርግ። አሁንም ከሌኒንግራድ ዘመን ጓደኞቻቸው መካከል አንድ የዶኔትስክ ሰው እንዳለ አስታውሰው አድራሻውን እያፈላለጉ ነው።